ቆርጫለሁ ያለችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ከቤቷ ጀርባ ሁለት የንብ ቀፎ፣ ከቀፎዎቹ ፊት ለፊት አንድ መደብ በሶብላና ጥቁር አዝሙድ ነበራት። ንቦቹ ከአበባው ይቀስማሉ፤ ወፎቹ ዘሩን ይለቅማሉ። አትከለክላቸውም።

ሰርዶ ገባ።

ሰርዶን ታውቁታላችሁ። ከላይ ሣር ነው፤ ከታች ገመድ ነው። በሶብላውን አነቀው፤ አበባው ጠፋ። የአንዱ ቀፎ ንቦች ጥለው ሄዱ። የሁለተኛውም ሊከተሉ ነው።

ሴትዮዋ መኮትኮቻ አነሣች። «ዘንድሮስ ቆርጫለሁ!» አለች፤ ከተፈችው። ዝናብ ጣለ፤ ከአንዱ ዐሥር በቀለ። «አሁንስ ቆርጫለሁ!» አለች፤ ደግማ ከተፈችው። ዐሥሩ መቶ ሆነ።

ጎረቤቷ ጋሽ ዳምጠው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሳቁ።

«የትናየት፣ ሰርዶ ትዘሪያለሽ እንዴ? እኔ ጋ መድኃኒት አለ። አንዴ ብትረጪው ድራሹ ይጠፋል።»

«ንቦቼስ ጋሼ?»

«ንብማ ሌላ ይመጣል።»

«አፍዎን ንብ ይንደፈው!»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡ። «እንግዲያው መቁረጡን ተዪው። ሰርዶ ተቆርጦ ሲሞት አይተሻል? ቁራጩ ሁሉ ዘር ነው። አፈሩ ሲርስ ቁጭ በይና ሥሩን በጣትሽ ተከተዪው፤ እስከ ጫፉ።»

ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሥር፣ ክንድ ከስንዝር፣ ሳይበጠስ ወጣ። ድንጋይ ላይ አሰጣችው። ሌላውን ያዘች። የቀን ሙሉ ሥራዋ ከአንድ ሰሌን አይሰፋም ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን በሶብላው አበበ፤ ሁለተኛው ቀፎ አልተሰደደም። የመጀመሪያውስ? እስካሁን ባዶ ነው።

እናንተስ? ጾም ሲገባ ቆርጫለሁ፣ ዓመት ሲለወጥ ቆርጫለሁ! ከወንድማችሁ ጋር ስትጣሉማ ደረታችሁን ነፍታችሁ «ተቆራርጠናል» ትላላችሁ። እሰይ! ቂሙን ከተፋችሁት። አንዱ ቁራጭ በልጆቻችሁ በቀለ፤ አንዱ በሠርግ ጥሪ፤ አንዱ በለቅሶ ድንኳን። ይህን ነው ቁርጠኝነት የምትሉት? ስንፍና ነው! ቆሞ መቁረጥ ለማን ይከብዳል? የከበዳችሁ ጎንበስ ማለት ነው።

ከዚህ ጉባኤ ስትወጡ ከወንድማችሁ ጋር ላለመገናኘት በጎን በር የምትዞሩትን አውቃችኋለሁ። ዛሬ አትዙሩ። አጠገቡ ቁጭ በሉና «ከየትኛው ቃል ነው የጀመረው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሲመልስም አታቋርጡት።