አቶ ደምመላሽ ስለ ሲፎን ደጅ የጠኑበት ቀን

ነገርን ነገር ያነሳዋል ይባላል፤ ይህንን ያነሳው ግን ሲፎን ነው። እስቲ ጆሮ ስጡኝ።

አቶ ደምመላሽ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብአንቺ ኦፕራሲዮን ተደርገው ከሆስፒታል በወጡ በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ብቻ ለመኑ።

«የሽንት ቤቱ ሲፎን ያፈሳል። ጠብ፣ ጠብ እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። አሠራልኝና ትንሽ ልተኛ።»

አቶ ደምመላሽ የቧንቧ ሠራተኛውን ማስረሻን ጠሩ። ማስረሻ የሲፎኑን ክዳን አንስቶ አየ።

«ጎማው አልቋል፣ ጋሼ። መቀየሩ ቀላል ነው፤ ግን የቤታችሁ የውሃ መዝጊያ ተበላሽቷል። በዚህ ደረጃ ያሉት ቤቶች ሁሉ ውሃ ከታች ካልተዘጋ አልነካውም።»

ሲፎኑ እንዲቆም ማስረሻ ይሥራ፤ ማስረሻ እንዲሠራ ውሃው ይዘጋ። የመዝጊያው ቁልፍ ያለው ደግሞ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ከአቶ ቸኮል ዘንድ ነው።

«ዛሬ የውሃ ተራችን ነው» አሉ አቶ ቸኮል። «የእልፍነሽ ልጅ አራስ ናት፤ እናቷ ልብስ እያጠበችላት ነው። እልፍነሽ ካልፈቀደች ቁልፉን አልሰጥም።»

ሲፎኑ እንዲቆም ማስረሻ ይሥራ፤ ማስረሻ እንዲሠራ ውሃው ይዘጋ፤ ውሃው እንዲዘጋ አቶ ቸኮል ቁልፍ ይስጡ፤ አቶ ቸኮል እንዲሰጡ እልፍነሽ ትፍቀድ። ሁለተኛ ፎቅ ወርደው አንኳኩ።

«በርሜሌ ባዶ ነው፣ ጋሽ ደምመላሽ» አለች እልፍነሽ እጇን እየጠረገች። «ምድር ቤት የእትዬ ደብሪቱ ሮቶ ሙሉ ነው። እሳቸው ትንሽ ውሃ ይስጡኝና ዝጉ።»

አቶ ደምመላሽ ደረጃው ላይ ቆመው ቀሩ።

የደብሪቱ ባል ጥሩነህ የሃያ ዓመት ጓደኛቸው ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ደምመላሽ ንግግር ከጀመረ ፍሬን የለውም» ብሎ ሰው አሳቀባቸው። በዚያች ቀልድ ተኳረፉ። ጥቅምት ላይ ጥሩነህ ሞተ። ድንኳኑ ከመስኮታቸው ሥር ሲተከል አቶ ደምመላሽ መስኮቱን ዘጉ። ለቅሶ የደረሱት ውብአንቺ ብቻቸውን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር የሚያልፉት አንገታቸውን ደፍተው ነው።

ማስረሻን ላኩት። ወዲያው ተመለሰ።

«ምን አሉ?»

«‹የላከህ ሰው እግር የለውም ወይ?› አሉኝ።»

እንግዲህ ሲፎኑ እንዲቆም ማስረሻ ይሥራ፤ ማስረሻ እንዲሠራ ውሃው ይዘጋ፤ ውሃው እንዲዘጋ አቶ ቸኮል ቁልፍ ይስጡ፤ አቶ ቸኮል እንዲሰጡ እልፍነሽ ትፍቀድ፤ እልፍነሽ እንድትፈቅድ ደብሪቱ ውሃ ይስጡ፤ ደብሪቱ እንዲሰጡ ደምመላሽ ራሳቸው ይሂዱ። ውብአንቺ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ቀኑ ተጋመሰ። አቶ ደምመላሽ ሄዱ።

ወይዘሮ ደብሪቱ በሩን ከፍተው ወንበር ሳቡላቸው። አቶ ደምመላሽ ስለ ውሃ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሌላ ቃል ወጣቸው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ደብሪቱ።»

«በሰባት ወሩ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«አጠፋሁ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጥቁር ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «ታሞ ሳለ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ‹ደምመላሽ ነው?› ይለኝ ነበር። በመጨረሻው ቀንም ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹አዎ፣ እየመጣ ነው› አልኩት።»

አቶ ደምመላሽ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ወይዘሮ ደብሪቱም አብረው አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ወጡና የሮቶውን ቧንቧ ከፈቱ።

ደብሪቱ ውሃ ሰጡ፤ እልፍነሽ በርሜሏን ሞልታ ፈቀደች፤ አቶ ቸኮል ቁልፉን አወጡ፤ ውሃው ተዘጋ፤ ማስረሻ ጎማውን ቀየረ፤ ሲፎኑ ቆመ።

ወይዘሮ ውብአንቺ ትራሳቸውን አስተካክለው ጋደም አሉ። ባለቤታቸው የት እንደዋሉ ከማስረሻ ሰምተዋል።

«ደብሪቱ ተቆጣችህ?» አሉ ዓይናቸውን እንደከደኑ።

«አልተቆጣችኝም» አሉ አቶ ደምመላሽ፣ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»