ከዳዊቱ ማዶ የተቀመጡት ልጆች

ተረት ልንገራችሁ? በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የሚያዛጋ ካለ ካሁኑ ይሂድ።

ድሮ ድሮ፣ ባንድ አገር የኔታ ክንፉ የሚባሉ መምህር ነበሩ። አሥራ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ዳዊት ብቻ። ዳዊቱን መሀል ይዘረጋሉ። የባለርስት ልጆች ከየኔታ ጎን ይቀመጣሉ። የሸክላ ሠሪና የሸማኔ ልጆች ከማዶ፣ ፊት ለፊታቸው። ከአያት የወረደ አቀማመጥ ነው፤ ማንም አይነካውም።

አንድ ቀን ባለርስቱ ባላምባራስ ድንቁ መጡ።

«እነዚህ የሸክላ ሠሪ ልጆች ትምህርት አይዘልቃቸውም። ሦስት ጊዜ ይፈተኑ። ማንበብ ያቃተው ይባረርና ለቤቴ ጭቃ ይርገጥ» አሉ። እኚህ ሰው ሲፈጥራቸው ልብ ረስቶባቸዋል መሰለኝ።

ፈተናው ደረሰ። ሁሉም በየተራ ከየኔታ ጎን እየተቀመጠ ያነባል። የባላምባራስ ልጅ እንደ ውሃ ጠጣው። የሸክላ ሠሪዋ የውዴ ልጅ አንለይ ግን ላብ አጠመቀው፤ አንዲት ፊደል አልወጣውም። በሁለተኛውም ቀን ያው።

«ልጄ፣ ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ?» አሉ የኔታ።

«ሳነብ፣ የኔታ።»

ሰው ሁሉ ሳቀበት። እኔስ ብኖር አልስቅም ነበር ብላችሁ ነው?

በሦስተኛው ቀን እናቱ ውዴ እጇ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ መጣች።

«የኔታ፣ ልጄ ሲማር የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዚያ ማዶ።»

«እኔ ጋን ስሠራ ዙሪያውን እየዞርኩ አየዋለሁ። ባንድ ወገን ያማረው በሌላው ጠማማ ይሆናል። እስቲ ዳዊቱን ዘቅዝቀው ይስጡት።»

ገለበጡለት። አንለይ አንድም ሳይስት አነበበ።

«በቃሉ ነው» አሉ ባላምባራስ። የኔታ ሌላ ገጽ ገለጡ። ያንንም አነበበ። የማዶ ልጆች ሁሉ አነበቡ።

ሰው ክው አለ። ለካ እነዚያ ልጆች ዓመት ሙሉ ፊደሉን ያዩት ተዘቅዝቆ ነው! ይኼን ስሰማ እኔ ራሴ ደርቄ ቀርቻለሁ።

«አሁን የባላምባራስ ልጅ በዚያው ይሞክር» አለች ውዴ። ልጁ ዳዊቱ እንደ ተገለበጠ አየው፤ አንዲት ፊደል አልወጣውም። የባላምባራስ ፊት አመድ መሰለ።

የኔታ አለቀሱ። «የበደልኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ በየቀኑ ቦታ ይለዋወጡ ጀመር፤ ወደ ኋላ የቀረው ከየኔታ ጎን ይቀመጣል። በዓመቱ የማን ልጅ ከማን እንደሚበልጥ መለየት አስቸገረ።

ያን ዕለት ግን ሽማግሌዎች «ፍርድ ፍርድ ነው፤ ያላነበበው የባላምባራስ ልጅ ጭቃ ይርገጥ» ብለው ነበር።

«የለም» አለች ውዴ። «ልጁ ይማር። ጭቃውን ፈራጁ ይርገጡት።»

ባላምባራስ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡበት።

ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት የት እንዳስቀመጣችሁት እዩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።