በድንኳኑ የፈሰሰው ምስር

አንዳንድ ተረትና ምሳሌ አገር ምድሩ ይናገረዋል፤ ማን እንደጀመረው ግን የሚያውቅ የለም። የደሴዎቹ የቀይ አፈር ሰፈር ሰዎች ግን አንዷን አባባል «የኛ ናት» ብለው ድርቅ ይላሉ። ሌላው ሰው ሲናገራት ችኩሉን ሊነቅፍ ነው። እነሱ ሊናገሯት ሲሉ መጀመሪያ ፈገግ፣ ቀጥሎ ዝም ይላሉ። ለምን ዝም እንደሚሉ የሚገባው ታሪኩን የሰማ ብቻ ነው።

ታሪኩ የይመር ነው። ይመር ቁርሱን ቆሞ፣ ምሳውን እየሄደ የሚበላ፣ እግሩ መሬት የማይረግጥ ወጣት ነበር። አንድ ቅዳሜ በሆቴል አዳራሽ ስለ ቤት ኢንቨስትመንት ስልጠና ተካፈለና ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። አሰልጣኙ «ሀብት ማለት የምታውቁት ሰው ነው» ብሎ ነበርና፣ ይመር በሰኞው ስሙ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት ቢዝነስ ካርድ አሳተመ። ከዚያ ወዲያ በደሴ ካርዱ ያልደረሰው ሰው ቢገኝ ገና ያልተወለደ ነው ተባለ።

ወሬኛ ብቻ ግን አልነበረም። አብሮ አደጎቹን አሰባስቦ ማኅበር አቋቋመ፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ልብስ ሰፊዋ ሁሉም ያላቸውን አዋጡ። ሒሳቡን የምትይዘው ሐናን ነበረች፤ ይመር ሲሮጥ እሷ ታስባለች። ሐሳባቸው አንድ አሮጌ ግቢ ገዝተው፣ ክፍሎች ሠርተው ማከራየት፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛው መሻገር ነበር። ሁሉም በኪራይ ቤት ያደጉ ልጆች ስለሆኑ ነገሩ ከሆዳቸው ነበር።

የተመኙት ግቢ በቀይ አፈር ሰፈር ተገኘ። ባለቤቷ እትዬ ዘሀራ ኮምቦልቻ ያለች ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ የተነሡ አሮጊት ናቸው። ልጆቹን ወደዷቸው፤ ዋጋም ቀነሱላቸው። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ተናገሩ።

«ሰፈሩ ኀዘን ላይ ቢሆንም ቀያሾቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። በአራቱም ወሰን አዋሳኞቼ ቆመው ካላመለከቱ ሽያጩ የለም። ደግሞ ለወረቀቱ ብዬ ብቻ አይምሰልህ። ከነዚህ ሰዎች ጋር አርባ ዓመት አብሬ በልቻለሁ፤ የማያውቁትን ሰው ጥዬባቸው አልሄድም። እነሱ ካልቆሙልህ ግቢውን ሽጪልኝ ላለኝ ለአንድ ነጋዴ እሰጣለሁ፤ እሱን እንኳ ያውቁታል።»

ይመር ደነገጠ። ጎረቤቶቹን የሚያውቃቸው ካርዱን በየበራቸው ሥር በማሾለክ ብቻ ነበር። የደወለለት ደግሞ አንድም ሰው የለም። አሁን ጎረቤቶቹን በአንድ ቀን ካላገኘ የስንት ልጆች ተስፋ በእሱ እጅ ሊሰበር ነው። በዚያ ጭንቀት ላይ ሳለ አንድ ወሬ ሰማ፤ ከአዋሳኞቹ አንዱ ሞተው ትናንት ተቀብረዋል፤ ሰፈርተኛው በሙሉ ለቅሶ ድንኳን ተቀምጧል።

«ሁሉም አንድ ቦታ!» አለ ለሐናን፤ ከደስታው የተነሣ ምን እንደተናገረ እንኳ አልሰማም።

ሐናን አፏን በእጇ ያዘች። «ይመር፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው! ገብተህ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ባዶ እጅህንም እንዳትሄድ።»

«እሺ፣ እሺ» ያላት ከበር ውጭ ሆኖ ነው።

ገበያ ገብቶ ምስር አስመዘነ። ምስር ሻጩ «ቆይ፣ የጆንያውን አፍ ልስፋልህ» ቢለው «ጊዜ የለኝም!» ብሎ በሲባጎ ሸብ አደረገውና ተሸክሞት ተፈተለከ።

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ወጉ ይታወቃል። አንገቱን ደፍቶ ይገባል፤ ካገኘበት ይቀመጣል፤ ቆየት ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል። ይመር ግን በአንድ ትከሻው ጆንያ፣ በሌላ እጁ ካርድ ይዞ ከበሩ ጀምሮ በተርታ የተቀመጡትን መጨበጥ ያዘ። «ይመር እባላለሁ፤ የቤት ኢንቨስትመንት፤ የእትዬ ዘሀራን ግቢ ልንገዛ ነው፤ ነገ ጠዋት ወሰኑ ላይ ብትቆሙልን...» ሰዎቹ ካርዱን ሳያስቡት ተቀብለው እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ጎልማሳ ሊነሣ ሲል ጎረቤቱ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።

እንዲህ እያለ የእድሩ ዳኛ አባባ ይማም ጋ ደረሰ። ሽማግሌው ካርዱን አዩት፤ ይመርንም አዩት።

«ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «ማን እንደሞተብን ታውቃለህ?»

ይመር የሟቹን ስም እንኳ ሳይጠይቅ ነበር የመጣው። ሐፍረቱ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አቃጠለው። ፊቱን አዙሮ ሊሮጥ ሲል ጆንያው ከትከሻው ተንሸራተተ፤ ሲባጎው ተፈታ፤ ምስሩ እንዳለ ፈሶ ከአግዳሚው ሥር፣ ከሰዉ ጫማ መሐል፣ እስከ ድንኳኑ ጥግ ደረሰ። ካርዶቹም በላዩ ላይ ተበተኑ።

ይመር በጉልበቱ ወድቆ በመዳፉ መሰብሰብ ጀመረ። የሚጠብቀው «ውጣ!» የሚለውን ቃል ነበር፤ ቢሉትም እንደማይፈርድባቸው ያውቅ ነበር።

የሰማው ግን የበትር ድምፅ ነው። አባባ ይማም በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙና፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከአጠገቡ ተንበረከኩ።

«ምስር ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «ምስር እንደሆን መለቀሙ የግድ ነው።»

ቀጥሎ ያ ሊጣላው የነበረው ጎልማሳ ተንበረከከ። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ኮታቸውን ሰብስበው ወረዱ። ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው መጡ። ማንም ማንንም አላዘዘም። ያ ሁሉ ሰው፣ ዘመናይ ነኝ ባዩ፣ ምርኩዝ የያዘው፣ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠው፣ የአንድ የማያውቀውን ባለጌ ምስር ሊለቅም መሬት ላይ ተቀመጠ። ይመር ቀና ብሎ አየና እጁ መሥራት አቆመ። በስንት አዳራሽ ስንት ሰው ጨብጧል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ከአጠገቡ ጥቁር የለበሰች ሴት ቁጢጥ አለች። የሟቹ ሚስት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው። ከመሬት አንዱን ካርድ አንሥተው በእሱ ምስሩን እየዛቁ ወንፊት ውስጥ ይጨምራሉ። ካርዱ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ነገራቸው። እናቱ ጉልት ቸርቻሪ እንደነበሩ፣ አከራይ በጠዋት አስወጥቷቸው ፍራሻቸው በዝናብ ሲበሰብስ ቆሞ እንዳየ፣ ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገራቸው።

«ለዚህ ነው የምትሮጠው?»

«ለዚህ ነው፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ባሌ ደምሰው ይባል ነበር» አሉ። «የሮጠ ጊዜ ቤት ሠራ፤ የተቀመጠ ጊዜ ሰው ሠራ። በኛና በነዘሀራ መካከል አጥር የለም። እሱና የዘሀራ ባል አንድ ወይራ ተክለው 'ወሰናችን ይሁን' ተባባሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ጥላው ለሁለታችን ነው።»

ከወዲያ በኩል አንዱ የደምሰውን ሌላ ታሪክ አነሣ፤ ሌላዋ ጨመረችበት። አንዳንዱ እያለቀሰ ይስቃል። ይመር ይሰማል፤ የሚሰማውን ሰው ሁሉ በስሙ እየጠራ ይለቅማል። የሰፈሩን ድንበር፣ የሰዉን ዝምድና፣ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ ሁሉ በዚያች ቀን ተማረ። ስለ ነገው ጉዳይ ግን አንድም ቃል ደግሞ አልተነፈሰም። ምስሩ ተሰብስቦ ሲያልቅ ለራቱ ወጥ ሆነና ለድንኳኑ ቀረበ። «ምነው ዛሬ ጠጠር አጣሁበት!» ያለም ነበር።

በማግስቱ ይመርና ሐናን ማልደው እትዬ ዘሀራ ግቢ ቆሙ። ይመር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንቆራጠጥ ቆመ። ቀያሾቹ ሜትራቸውን ዘረጉ። በስተምዕራብ አባባ ይማም በበትራቸው ተደግፈው መጡ፤ በሰሜኑ ርእሰ መምህሩ፤ በደቡቡ ያ ቁጡ ጎልማሳ። ወይራው ዘንድ ግን ማንም የለም።

«አራተኛው አዋሳኝስ?» አለ የቀያሾቹ አለቃ።

ገና ከትናንት ወዲያ ባሏን የቀበረች ሴት ከድንኳኗ እንደማትወጣ ሁሉም ያውቃል። ሐናን ዓይኗን ጨፈነች። ይመርም «ትክክል ነው፤ ይህን አልጠይቃቸውም» አለ በልቡ።

በዚህ ጊዜ የወይራው ቅርንጫፍ ተገለጠ። እትዬ ማንጠግቦሽ በሁለት ሴቶች ተደግፈው፣ ጥቁራቸውን እንደለበሱ፣ መቀነታቸውን እንዳጠበቁ ወጡ። መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ።

«ደምሰው ቢኖር እዚህ ይቆም ነበር» አሉ ድምፃቸው ሳይሰበር። «ወሰኑ ይህ ነው። ልጆቹም ጎረቤቶቼ ናቸው።»

ይመር ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እንባው ሲወርድ አላፈረም። እትዬ ዘሀራ «በቃ፣ አሁን ልሂድ» ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀያሹ ሜትሩን በእጁ እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

«ይህ ልጅ ስንት ዓመት አብሯችሁ ኖሯል?» አለ ወደ አባባ ይማም ዞሮ። «ባለ ኀዘን ከፍራሿ የተነሣችለት!»

«ትናንት ነው የመጣ።»

«በአንድ ቀን? ምን አድርጎ?»

አባባ ይማም የኮታቸውን እጥፋት ዳሰሱ፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት የምስር ፍሬ አወጡና ይመር መዳፍ ላይ አኖሯት። ፈገግ አሉ፤ ቀጥለው ወይራውንና ጥቁር ለባሿን ሴት እያዩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ በመጨረሻም «ምን አድርጎ መሰለህ ልጄ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉት ቀያሹን።