ቤቱ ወንዝ ዳር የወረደ ዕለት

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ የሰማ ይስማ፣ ያልሰማ ጠጋ ይበል።

ወንዝ ለሁለት በሚከፍላት አንዲት ትንሽ ከተማ እትዬ ውድነሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ከወንዙ ወዲህ፣ በጤና ጣቢያው በኩል ነው። ልጃቸው ዝናሽ ግን ማዶ ተድራ፣ አርግዛ፣ ቀኗ ተቃርቧል። ድልድዩን ደግሞ ጎርፍ ወስዶት ቋሚዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ምጥ ወንዝ እስኪጎድል አይጠብቅምና እትዬ ውድነሽ እንቅልፍ አጡ።

የቀበሌው የሕዝብ ውይይት ቀን ሲደርስ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ድልድዩ ተነሥተው መናገር። አዳራሹ ገብተው በቀጥታ ወደ ማይክሮፎኑ ሄዱ።

«ማይክሮፎን፣ ተናገርልኝ» አሉት።

«ያለ ሰብሳቢ አልናገርም» አለ ማይክሮፎኑ።

«ተወው፣ እኔም ጉሮሮ አለኝ!»

«ጉሮሮማ አለዎት። ግን በእኔ ያልተነገረ ቃለ ጉባኤ ላይ አይያዝም።»

ሰብሳቢው አቶ ምናሉ ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ደንብ ከተባለ እንኳን ሰው ነፋስም ያለ ተራው እንዲገባ አይወዱም። «አቶ ምናሉ» አሉ እትዬ ውድነሽ፣ «ማይክሮፎኑ ያለ ሰብሳቢ አልናገርም አለ፣ ልጄም ማዶ ቀረችብኝ። እባክዎ እድል ይስጡኝ።»

«እትዬ ውድነሽ፣ ቤቱ አልሞላም። ያለ ቤቱ አልፈቅድም» አሉ አቶ ምናሉ።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በስብሰባ ወግ «ቤቱ» ማለት ተሰብሳቢው ነው፤ እትዬ ውድነሽ ግን ከዚያ በፊት ስብሰባ ረግጠው አያውቁም። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ እያደረጉ ይለምኑት ጀመር። «ቤቱ፣ እባክህ ሙላ። ሰብሳቢው ያለ ቤቱ አልፈቅድም አሉ፣ ማይክሮፎኑ ያለ ሰብሳቢ አልናገርም አለ፣ ልጄም ማዶ ቀረችብኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ምናሉም ሳቃቸውን እያፈኑ «ቤቱ ማለት ግድግዳው አይደለም እኮ፤ ሰው ነው! የማዶ ሰዎች ካልመጡ አይሞላም» አሏቸው። እትዬ ውድነሽ በጣም አፈሩ። ቢሆንም ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ወንዙ ወረዱ።

የማዶ ሰዎች ለስብሰባ ለብሰው ዳር ላይ ቆመዋል። «ኑ እንጂ!» ብለው ጮኹ እትዬ ውድነሽ። «ቤቱ ያለ ማዶ ሰው አልሞላም አለ፣ ሰብሳቢው ያለ ቤቱ አልፈቅድም አሉ፣ ማይክሮፎኑ ያለ ሰብሳቢ አልናገርም አለ!»

«ወንዙ መቼ አሳልፎን!» አሉ ሰዎቹ። ዝናሽም ሆዷን ደግፋ «እማዬ፣ አትጠጊ፣ ይወስድሻል!» አለች።

ወንዙን ቢጠይቁት «ያለ ድልድይ አላሳልፍም» አለ። የድልድዩን ቋሚዎች ቢጠይቁ «ያለ እንጨት አናሻግርም» አሉ። እንጨቱ የት አለ? በቀበሌው ግቢ ተከምሮ ፀሐይ ይሞቃል።

«ተነሣ አንተ!» አሉት እትዬ ውድነሽ። «ድልድዩ ያለ እንጨት አላሻግርም አለ፣ ወንዙ ያለ ድልድይ አላሳልፍም አለ፣ ሰዎቹ ወንዙ ካላሳለፈን አንመጣም አሉ፣ ቤቱ ያለ ማዶ ሰው አልሞላም አለ፣ ሰብሳቢው ያለ ቤቱ አልፈቅድም አሉ፣ ማይክሮፎኑ ያለ ሰብሳቢ አልናገርም አለ፣ ልጄም ማዶ ቀረችብኝ!»

«ያለ እቅድ አልነሣም» አለ እንጨቱ።

እቅዱ በቀበሌው ባለሙያ በብርቄ እጅ ነው። እትዬ ውድነሽ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ «እንጨቱ ያለ እቅድ አልነሣም አለ፣ ድልድዩ ያለ እንጨት አላሻግርም አለ፣ ወንዙ ያለ ድልድይ አላሳልፍም አለ፣ ሰዎቹ ወንዙ ካላሳለፈን አንመጣም አሉ፣ ቤቱ ያለ ማዶ ሰው አልሞላም አለ፣ ሰብሳቢው ያለ ቤቱ አልፈቅድም አሉ፣ ማይክሮፎኑ ያለ ሰብሳቢ አልናገርም አለ፣ ልጄም ማዶ ቀረችብኝ!» አሉ።

«ውይ እትዬ!» አለች ብርቄ። «እኔ ደስ ባለኝ። ግን እቅዱ የሚቀየረው ሰው በስብሰባ ተናግሮ ቃለ ጉባኤ ላይ ከተያዘ ነው።»

ለመናገር ደግሞ ማይክሮፎን! እትዬ ውድነሽ እንጨቱ ላይ ዘጭ ብለው አለቀሱ። ማይክሮፎን ያለ ሰብሳቢ፣ ሰብሳቢ ያለ ቤቱ፣ ቤቱ ያለ... ቆይ፣ ቤቱ! ብድግ ብለው እንባቸውን ጠረጉና አዳራሹ በር ላይ ሄደው ቆሙ።

«አቶ ምናሉ፣ ቤቱ ግድግዳው አይደለም አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«ሰው ነው አላሉኝም?»

«ብያለሁ እንጂ።»

«ሰው ከሆነማ እግር አለው። ግማሹ ቤት እዚህ ተቀምጧል፣ ግማሹ ማዶ ቆሟል። ይሄን ግማሽ ይዘው ወንዝ ዳር ይውረዱና ቤቱን ይግጠሙት!»

አቶ ምናሉ ደንቡን አገላበጡ። ስብሰባ ጣሪያ ሥር ብቻ ይሁን የሚል አላገኙም። «ሥነ ሥርዓት!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። «ሥነ ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ አግዳሚውን ያዝ» አሉት።

አግዳሚው ወረደ፣ ማይክሮፎኑም ከነባትሪው ወረደ። ወዲህና ማዶ ሲቆጠር ቤቱ ሞላ። ቤቱ ሲሞላ ሰብሳቢው ፈቀዱ፣ ሰብሳቢው ሲፈቅዱ ማይክሮፎኑ ተናገረ።

«ልጄ ማዶ ናት» አሉ እትዬ ውድነሽ። «ቀኗ ደርሷል። የእናንተም ሰው ማዶ አለ። ድልድዩ ይሠራልን።»

«የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!» አሉ አቶ ምናሉ። ከወዲህም ከማዶም እጅ ወጣ። ዝናሽ ግን ሁለቱንም አወጣች።

«አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው!» አሉ አቶ ምናሉ።

«ሁለተኛው የሆዴ ነው!» ብላ ጮኸች ዝናሽ።

አቶ ምናሉ ደንብ ተጥሶ ሲስቁ የታዩት ያን ዕለት ነው። ብርቄ ጻፈች፣ እቅዱ ተቀየረ። እቅዱ ሲቀየር እንጨቱ ተነሣ፣ እንጨቱ ሲነሣ ድልድዩ ቆመ፣ ድልድዩ ሲቆም ወንዙ ከሥር አለፈ። ዝናሽም አንድ ማለዳ ምጥ ሲጀምራት፣ በእናቷ ክንድ ተደግፋ፣ ቀስ እያለች በእግሯ ተሻገረች።

እኔ ጨርሻለሁ፤ አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ።