ሊጡን የሚሰብር ሰው

አንድ ነጋዴ ነበረ። ጨው እየጫነ ከአገር አገር የሚዞር፣ በሄደበት ሁሉ የአገሩን ምግብ ሳይቀምስ የማይመለስ፣ ሆዱን የሚወድ ሰው ነበረ። ቤቱ ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበው ነበር፤ አባቱ እህል አልቀምስም ብለው ነበር።

መምህሩ ይህን ብለው ቆም አሉና ከፊታቸው የተቀመጠውን ተማሪ አዩት። ተማሪው በማለዳ መጥቶ፣ እጅ ነስቶ፣ ፊቱን አጥቁሮ እንዲህ ብሎ ጠይቋቸው ነበር፦ «የኔታ፣ እኛ ትምህርቱን ከያዝነው ሰነበትን። ወልደ ሰንበት አልያዘውም ተብሎ ሁላችን ለምን እዚያው ላይ እንቆማለን? እሱ ቀስ ብሎ ይድረስብን፤ የሱን ድርሻ ለብቻው ያስተምሩት።» ወልደ ሰንበት ያልገባውን አንድ ቃል አሥር ጊዜ የሚጠይቅ፣ በዝግታው ጉባኤውን ሁሉ ያስመረረ ልጅ ነበር።

«መልሱ ድስት ውስጥ ነው» አሉት መምህሩ። «አትቁነጥነጥ፤ ስማ።»

ነጋዴው አባቱን የበደለ አይመስለውም ነበር። እናቱ ከሞቱ በኋላ ሽማግሌውን ከገጠር አምጥቶ፣ ከግቢው ጀርባ ደህና ቤት ሠርቶ፣ ጥሩ አልጋ ዘርግቶ፣ የምታገለግላቸው ሴት ቀጥሮላቸዋል። ምግቡ በየሰዓቱ ተከድኖ ይሄድላቸዋል፤ እንደተከደነም ይመለሳል። ከሐይቅ አገር የደረቀ ዓሣ አመጣላቸው፤ አሸተቱና ወደ ጎን አደረጉት። ከእንሰት አገር ቆጮና አይብ አመጣላቸው፤ «ለልጆቹ ስጧቸው» አሉ። ከደጋ ነጭ ማር አመጣላቸው፤ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና «ጥሩ ነው» ብለው ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። ልብሳቸው እላያቸው ላይ እየሰፋ፣ ጉንጫቸው እየጎደጎደ ሄደ።

ነጋዴው ይናደድ ነበር። የሚናደደው ስለሚፈራ ነው፤ ፍርሃቱን ግን ለራሱም አልነገረውም። «ሰው እንዴት እህል በሞላበት ቤት ይራባል?» እያለ ሚስቱን ይነዘንዛታል።

«እኔን ምን ታደርቀኛለህ? አባትህን ጠይቃቸው» ትለዋለች።

ልክ ነበረች። እሱ ግን ተቀምጦ የሚጠይቅበት ጊዜ አልነበረውም። ጠዋት ቆሞ ይጎርሳል፤ ማታ ጭነት እያስተካከለ ይጎርሳል። ልጆቹ በራባቸው ሰዓት ከሌማቱ ቆርሰው ይሮጣሉ። ሚስቱ የተረፈውን ማጀት ውስጥ ትቀማምሳለች። የዚያ ቤት ሰው ሁሉ ይበላ ነበር፤ ሁሉም በየራሱ ሰዓት።

አንድ ጊዜ ወደ ቆላ ሲወርድ በቅሎው አነከሰችበትና ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ መንደር አረፈ። አንዲት ባልቴት ተቀበሉት። ውሃ አቀረቡለት፤ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ጎረቤቶችም አንድ በአንድ እየገቡ፣ እጃቸውን እየታጠቡ ተቀመጡ። ምድጃው ላይ አደንጓሬ ከቋንጣ ጋር የተጣደበት ትልቅ የሸክላ ድስት ነበር። ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ተለስኗል። ሽታው በሊጡ ስንጥቅ እየሾለከ ቤቱን ሞልቶታል። የሚነካው ግን የለም።

ነጋዴው ምራቁን ዋጠ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዋጠ።

«እማማ፣ ምን እየጠበቅን ነው?» አለ።

«አያ ቢተውን። ከላይኛው ሰፈር የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው።»

«ሩቅ ናቸው?»

«ኧረ ያውልህ፣ ይታያሉ።»

ነጋዴው በበሩ አሻግሮ አየ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ቁልቁል ይመጣሉ። መምጣት ከተባለ ነው። በየአጥሩ ቆመው ሰላምታ ይሰጣሉ። ከመንገድ ላይ ድንጋይ አንስተው ወደ ዳር ያደርጋሉ። ከዚያ የረሱት ነገር ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ዞረው ወደ ላይ ተመለሱ።

«ተመለሱ እኮ» አለ ነጋዴው።

«ይመጣሉ» አለ አንዱ ጎረቤት። «ትናንት የኔን አህያ ስለ ጤናዋ ሲጠይቋት ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። ነጋዴው አልሳቀም። አንጀቱ ይጮህ ነበር። በመጨረሻም የቻለውን ያህል በትሕትና «የሳቸውን ድርሻ አስቀምጠን ብንጀምርስ?» አለ።

ባልቴቷ የተናደዱ አይመስሉም፤ ግን እንደ ሕፃን ነበር ያዩት። «ልጄ፣ በኛ አገር ሊጡን የሚሰብረው መጨረሻ የመጣው ሰው ነው። አሁን እኛ ሰብረን ከጠበቅናቸው፣ እሳቸው መጥተው ምን ያደርጋሉ?»

አያ ቢተው መጡ። አልተቻኮሉም፤ ይቅርታም አልጠየቁም። ቁጭ ብለው ክዳኑን በእጃቸው ጀርባ ኳ ኳ አደረጉና ሊጡን ሰበሩት። የበሰለውን ቅርፊት ለልጆች አደሉ። ነጋዴው የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ ሲያደርግ ዓይኑን ጨፈነ። አደንጓሬው ቅርጹን እንደያዘ በምላስ ብቻ ይፈርሳል፤ ቋንጣው እንደ ክር ይተረተራል። በዞረበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር በልቶ አያውቅም። ሁለተኛውን ሲጎርስ «ይህንንስ አባቴ ይበሉታል» ብሎ አሰበ።

በማግስቱ አሠራሩን እንዲያሳዩት ባልቴቷን ለመናቸው። እየሠሩ አሳዩት። እሱም ውሃውን በቅል፣ አደንጓሬውን በእፍኝ እየለካ፣ የሽንኩርቱን አከታተፍ ሳይቀር እያየ ተማረ።

«ፍም ላይ ምን ያህል ይቆያል?» አለ በመጨረሻ።

«አያ ቢተው እስኪመጡ።»

ነጋዴው ሳቀ። በልቡ ግን «ደበቁኝ፤ ባለሙያ ሴት ሁልጊዜ አንድ ነገር ታስቀራለች» አለ። ድስቱን ከመንደሯ ሸክላ ሠሪ፣ አደንጓሬውን ከባልቴቷ ማሳ ወስዶ፣ የወንዙን ውሃ ሳይቀር በቅል ቀድቶ አገሩ ገባ።

ራሱ ሠራው። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየው ነበር። ሽታው ቤቱን ሲሞላው «በቃ፣ ይኸው» አለና ሊጡን ሰበረ። ሳይቀምስ በሳህን ከድኖ ለአባቱ ላከ። ከዚያ እሱም ቀመሰ። አደንጓሬው እንደ ጠጠር ተንኮሻኮሸ፤ ቋንጣው እንደ ጠፍር አልላመጥ አለ።

ሳህኑ ተመለሰ። ዳሩ ላይ ተነክሳ የተተፋች አንዲት ፍሬ አለች። አገልጋይዋ አቀርቅራ «ልጄ ጥርስ ያለኝ መስሎታል ብለዋል» አለችው።

በዚያው ሳምንት ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ ወደ ቆላ ወረደ። ቁጣው አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። «እማማ፣ እኔ ቤትዎ በእንግድነት ገብቼ ነው የጠየቅሁዎ። ለምን ደበቁኝ?»

«ምኑን?»

«የጎደለውን ነዋ።»

ባልቴቷ የያዙትን ወንፊት አስቀመጡ። «ሊጡን ማን ሰበረው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ሽታው ሲወጣ።»

«ሽታውማ ገና ሲሞቅ ጀምሮ ይወጣል።»

«እኮ፣ ታዲያ ሰዓቱን ይንገሩኝ።»

«ነገርኩህ እኮ። ስቀህ ሄድክ።»

«እማማ፣ በእኔ ቤት አያ ቢተው የሉም።»

«እሱስ ገብቶኛል» አሉ ባልቴቷ፤ አሁን እሳቸውም ትዕግሥታቸው እያለቀ ነበር። «በቤትህ ማንን ነው የምትጠብቁት?»

ነጋዴው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሚስቱን አሰበ፤ ልጆቹን አሰበ፤ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሳህን አሰበ። «ማንንም» አለ።

«እንግዲያው ልጄ፣ ምስር ሥራ። ምስር ቶሎ ይበስላል።» ወንፊታቸውን መልሰው አነሡ። ግን ፊቱን አይተው አዘኑለት መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩለት፦ «አደንጓሬ ሳይነካ ሲቆይ ነው የሚለሰልሰው። ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ከሌለው እጁን አይሰበስብም። እኔም ብቻዬን ብሆን ገና ሲሸተኝ እከፍተው ነበር።»

ነጋዴው ወደ አገሩ ተመለሰ። ቤቱ በገባ በማግስቱ፣ ዕለቱ እሑድ ነበር፣ ድስቱን ጣደ፣ ሊጡን ለሰነ፣ እሳቱን ወደ ፍም አወረደ። ከዚያ አገልጋይዋን ጠርቶ «ለአባባ ንገሪያቸው። እሳቸው መጥተው ካልሰበሩት ድስቱ አይከፈትም» አላት።

ሄዳ ተመለሰች። «አልራበኝም፣ እናንተ ብሉ ብለዋል።»

«እንጠብቃለን በያቸው።»

ተመልሳ መጣች። «ምን ማለቱ ነው፣ ብሉ እንጂ ብለዋል።»

«እንጠብቃለን በያቸው።»

ፀሐይዋ ከአናት ዘወር አለች። ልጆቹ በራባቸው ሰዓት መጡ፤ ሌማቱ ባዶ ሆኖባቸው ምድጃው ዳር ኩርምት አሉ። ሚስቱ «ሰውዬ፣ ጤና ነህ?» አለችው፤ ከዚያ እሷም ደክሟት ተቀመጠች። ጫኞቹ ከደጅ ጠሩት፤ «ቅደሙኝ» አላቸው። ሽታው አናቱን ያዞረው ነበር። ሁለት ጊዜ እጁ ወደ ሊጡ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ መለሰው። ጥርሱን ነክሶ «እኚህ ሰውዬ ሊገድሉን ነው» አለ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ ሲያይ፣ ቤተ ሰቡ በሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ያየበትን ቀን ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልቻለም።

የጓሮው በር ሲንቋቋ ተሰማ።

ሽማግሌው እየመጡ ነበር። ጓሮው ውስጥ ካለችው የሎሚ ዛፍ ጋ ቆመው ቅጠል ቀጠፉና አሸተቱ። ዶሮዎቹን ቆመው አዩ። ሚስቱ ልትደግፋቸው ስትነሣ ነጋዴው ክንዷን ያዘ። «ተይ፣ ይምጡ።»

ደፉ ላይ ሲደርሱ በቁጣ ነበር የጀመሩት። «ምን ነካችሁ? ልጆቹን በረሃብ ልትፈጇቸው ነው?»

«እርስዎን ስንጠብቅ ነው፣ አባባ።»

«እኔን?»

«እርስዎን።»

ሽማግሌው ልጆቹን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ፣ ድስቱን አዩ። ወደዚያ ግቢ ከመጡ ጀምሮ ምግብ ወደሳቸው ይሄድ ነበር እንጂ እሳቸው ወደ ገበታ ተጠርተው አያውቁም ነበር። ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «በምንድን ነው የሚሰበረው?»

«በእጅዎ።»

ሰበሩት። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ማንም ሳይነግራቸው የሊጡን ቅርፊት ለትንሿ ልጅ ሰጧት። ከዚያ ምራታቸው ካቀረበችው እንጀራ ቆርሰው ጎረሱ። አኘኩ፣ ዋጡ። ነጋዴው ትንፋሹን ይዞ ያያቸዋል።

«የጨው ነጋዴ ቤት ሆኖ» አሉ ሽማግሌው፣ «ጨው አንሶታል።» ይህን ብለው ሌላ ቆረሱ፤ ከዚያም ሌላ።

መምህሩ ተረቱን እዚህ ላይ አቆሙ። ተማሪው የሚቀጥሉ መስሎት ጠበቀ።

«አየህ» አሉት ወደ እሱ ዞረው፣ «አንተ ዛሬ የነገርከኝ ሽታው ወጥቷል ነው። እውነት ነው፤ እኔም ሸቶኛል። ትናንት ትምህርቱን በቃልህ ስትወጣው አንዲት ፊደል አልሳትክም። ግን ወልደ ሰንበት ለምን እንዲህ ተባለ ብሎ ሲጠይቅህ ምን አልከው?»

ተማሪው መሬት መሬት አየ። «እንዲሁ ነው አልኩት።»

«እንዲሁ ነው አልከው። ጥሬ ነህ ማለት ነው። እሱ በጠየቀ ቁጥር አንተ ፍም ላይ ትቆያለህ፤ ያ ነው የሚያበስልህ። ይህ ላንተ ነው። ለሱ ደግሞ፣ ድርሻውን ለብቻው አስተምሩት ያልከው ምን እንደሆነ ልንገርህ? የተከደነ ሳህን ነው። ነጋዴውም ሳህን አላነሰበትም ነበር። ወልደ ሰንበት ትናንት ስልቻውን ይዞ መጥቶ ‹ሰው አስቸገርኩ፣ ያሰናብቱኝ› አለኝ። ጠዋት ከጉባኤ በኋላ እንነጋገር ብዬ ነው የመለስኩት።»

ተማሪው ቀና ብሎ ወደ መንገዱ አየ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወዲያ፣ ወልደ ሰንበት ስልቻውን በትከሻው አንጠልጥሎ ከአንዲት አሮጊት ጋር ቆሞ ያወራል። መንገዱ እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጉባኤው ይመጣል፣ አንዱ ከአገሩ ይወጣል።

ተማሪው ብድግ አለ። «ልጥራው፣ የኔታ።»

«አትጥራው። ቶሎ ና ማለት ነው የሚመስለው» አሉት። «ጓደኞችህን ጥራና ቁጭ በሉ። መጽሐፉን እንዳትገልጡት። ቀና ሲል ስትጠብቁት ይያችሁ። ዛሬ ገልጦ የሚጀምርልን እሱ ነው።»