ወንዝ የተሻገረው ሹም

አንድ ጭቃ ሹም ከበቅሎው ወርዶ ቃሬዛ ተሸከመ።

እኛ ቃሬዛውን ይዘን ወንዙ ዳር ደርሰን ነበር። የሞተው ይርጋው ነው፤ ቀጥቃጭ። ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን፣ መጥረቢያችንን የሠራልን ሰው። ሚስቱ የሻረግ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ነጠላዋን አገልድማ ከኋላ ትከተላለች። በእኛ አገር ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሲሞት የሚቀበረው ወንዝ ማዶ ነው፤ ደንቡ እንዲያ ነበር። ማዶ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። መቃብር መቆፈር ሥራዬ ነው።

«ወዴት ነው?» አለ ሹሙ።

«ማዶ ነዋ!» አሉት ተሸካሚዎቹ።

«መልሱት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይቀበራል።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «ደንቡስ?» አለ አንዱ።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሻርኩትም እኔው ነኝ። መልሱት አልኩ!»

ይህን ብሎ የበቅሎውን ልጓም ለቀቀና የቃሬዛውን አንዱን ጫፍ በትከሻው ተቀበለ። እኛም ዞርን። ግቢው ውስጥ እንደገና ቆፈርኩ። በዚያ ቀን ለአንድ ሰው ሁለት ጉድጓድ ቆፈርኩ።

ደንቡ የወጣው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ከብት ባለቀበት ዓመት። ሰው የሚያደርገው ሲጠፋው የሚወቅሰው አያጣም። «ቡዳ በላብን» ተባለ። ቡዳ የሚባሉት ደግሞ ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩት ናቸው። በእኛ አገር ሹም በየሦስት ዓመቱ ዋርካው ሥር ይመረጣል። ይህ ሹም፣ ደርበው፣ ያኔ ጎልማሳ ነበር፤ ሹመትም ፈልጓል። ቆመና፣ «እኔ ከተሾምኩ ቀጥቃጭ ከአባቶቻችን ጎን አይተኛም፤ ወንዝ ይሻገራል» አለ። ቄሱ፣ «ኧረ ይህ በመጽሐፍ የለም» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። አገሩ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ደርበው ተሾመ፤ ከዚያ ወዲህም ማንም አልነቀነቀው። በእነዚያ ዓመታት አሥራ አምስት ሰው ወንዙን በቃሬዛ ተሻገረ።

ይርጋው በተቀበረ በሳምንቱ የምርጫው ቀን ደረሰ። ሌላው ተወዳዳሪ ጓንጉል የሚባል ባለ ብዙ ከብት ነው። ጓንጉል ነገር አይሸፋፍንም። «እኔ ከተሾምኩ ደንቡ ይመለሳል፤ ያለቦታው የተቀበረውም ይወጣል» ብሎ በየደጁ ተናግሯል። የደርበው ወዳጆች ደግሞ ካባ ይዘው መጡ። ሹሙ ክፉ ደንብ ስለሻረ በአገር ፊት ካባ ይደረብለት አሉ። ያን ጊዜ ዋርካው ሥር ክርክር ተነሣ።

«ሰው ከስህተቱ ሲመለስ መሸለም ነውር ነው?» አለ አንዱ።

«ገደል ገፍትሮ የጣለህ ሰው ገመድ ቢወረውርልህ፣ ካባ ታለብሰዋለህ?» አለ ሌላው።

«እኔ መጀመሪያ ገመዱን ይዤ እወጣለሁ፤ ስለ ካባው ላይ ሆኜ አስብበታለሁ» አለ ዘውዱ የሚባል ቀልደኛ። ሰው ሳቀ።

ጓንጉል ግን አልሳቀም። «ኧረ ተዉ! ሴት ልጁ ከተማ ወርዳ የቀጥቃጭ ልጅ አግብታ የለም? ቤቱ ሲገባበት ነው ዓይኑ የበራው። ይህ ካባ ያስደርባል?»

«በየትስ በኩል ቢበራ? በራ አይደለም ወይ?» አለው ዘውዱ።

«የሌላው ልጅ ሲቀበር ያላየ ዓይን፣ የራሱን ሲያይ በራ በለኛ!»

የተናገረው ጓንጉል ቢሆንም ነገሩ እውነት ነበረው። እውነት አንዳንዴ ከማይወዱት አፍ ይወጣል።

በአገራችን ልማድ፣ ካባውን ለተሸላሚው የሚደርብለት በጎ የተደረገለት ሰው ነው። ስለዚህ የሻረግ ተጠራች። ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ዋርካው ሥር ቆሞ አያውቅም፤ ዳር ሆኖ ነው የሚሰማው። መጥታ እዚያው ዳር ቆመች። ሐዘኗ ገና ነው፤ እጇ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ፤ ከሥራዋ ነው የጠሯት።

ነገሩ ለእሷ እንዴት እንደከበደ ሁላችን አወቅን። ካባውን አልደርብለትም ብትል ጓንጉል፣ «አያችሁ፣ የተሻረላት እንኳ አላመሰገነችውም» ብሎ ሰዉን ይወስደዋል፤ ሹመቱንም ያገኛል፤ ባሏም ከተቀበረበት ይወጣል። ብትደርብለት ደግሞ ብርቄ አለች። ብርቄ ልጇ ናት። ስምንት ዓመቷ ነበር። ደንቡ በወጣ በዓመቱ በኩፍኝ ሞተች፤ ወንዝ ማዶም የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች። ያን ጊዜ የሻረግ የልጇን ሬሳ አስተኝታ ሹሙ እግር ላይ ወድቃ ለምናው ነበር። ደርበው፣ «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ገባ። ለእሱ ካባ መደረብ ለእሷ ምን እንደሆነ እናት የሆነች ታውቀዋለች።

ዘውዱ ካባውን ሰጣት። ያዘችው እንጂ አልተነቃነቀችም።

«ሹሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችው።

«ጠይቂ።»

«ምን አስለወጠዎት?»

ወዳጆቹ ከኋላ ሹክ አሉት፤ የሚያምር ነገር እንዲናገር። ደርበው መሬት መሬት አየ።

«ጓንጉል ያለው እውነት ነው» አለ። «ከተማ ሄጄ የልጅ ልጄን አቀፍኳት። ጣቴን ይዛ አልለቅ አለችኝ። ያን ጊዜ አሰብኩት። ይህች ልጅ እኔ ዘንድ መጥታ አንድ ነገር ብትሆን፣ ወንዝ የማሻግራት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ያንቺ ብርቄ እግሬ ሥር ተኝታ ሳያት ምንም አልመሰለችኝም ነበር፤ የኔዋን ስይዝ ነው ያንቺ የታየችኝ። ጥበብ አገኘሁ አልልም። ዘግይቻለሁ። አጥፍቻለሁ።»

ወዳጆቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ነገሩን አበላሸው ብለው ነው መቼም።

የሻረግ ካባውን አጠፈችና ለዘውዱ መለሰችለት።

«አልደርብም» አለች። «ሹሜ፣ ላሜን የነዳብኝ ሰው ላሜን ቢመልስልኝ፣ እሰይ ተመለሰች እላለሁ። ሰውየውንም አላሳድደውም። ጥጃ ጨምሬ ግን አልሸልመውም። የእኔው ናትና።»

ጓንጉል ጭኑን በደስታ መታ። «ሰማችሁ? ሰማችሁ? እሷ እንኳ…»

«አልጨረስኩም፣ ጌታው» አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ወደ ሹሙ ዞረች። «ደግሞም ገና ያልተመለሱ ላሞች አሉ። ማዶ አሥራ አምስት ሰው አለ።»

ደርበው ገባው። «ዐፅማቸውን አፈልሳለሁ» አለ።

«ሰው ልከው ነው?»

«በገዛ እጄ። በገዛ ትከሻዬ።»

«አይ ሹመት! ሹማችን መቃብር ቆፋሪ ሊሆን ነው!» አለ ጓንጉል። የእሱ ሰዎች ሳቁ። መቃብር ቆፋሪው እኔ ስለሆንኩ ሁለት ሦስት ሰው እኔንም አየኝ።

«ሹመቱን ከፈለጋችሁ ውሰዱት» አላቸው ደርበው። «ዐፅሙን ግን ተሾምኩም ተሻርኩም አፈልሳለሁ።»

ከዚያ ምርጫው ሆነ። በእኛ አገር ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነው። ደርበውን ያለ በዋርካው ቀኝ ይቆማል፤ ጓንጉልን ያለ በግራው። ሽማግሌዎች ይቆጥራሉ። «ቁሙ!» ተባለ። ማንም አልተነቃነቀም። ደርበውን የሚወዱት ካባው ስለተመለሰ አፍረዋል፤ ጓንጉልን የሚወዱት ደግሞ የሹሙን ቃል ሰምተው ልባቸው ተከፍሏል።

መጀመሪያ የተራመደችው የሻረግ ናት። ከዳር ተነሥታ፣ በመካከላችን አልፋ፣ በዋርካው ቀኝ ብቻዋን ቆመች።

«ይህች ደግሞ ምን ልትሆን ነው? እዚህ መቆም ማን ፈቀደላት?» አለ ጓንጉል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ያልተሰሙት ቄስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሰው ናት። ትቆጠር» አሉ።

«ካባውን ከለከልሽውና ድምፅሽን ትሰጪዋለሽ?» አላት ዘውዱ። እንደ ልማዱ ሊቀልድ ሳይሆን ግራ ገብቶት ነው።

«ካባ ለትናንቱ ነው፤ ለትናንቱ የምሰጠው የለኝም» አለችው። «ድምፄ ለነገ ነው።»

ዘውዱ ካባውን በብብቱ እንደያዘ ሄዶ ከጎኗ ቆመ። ከዚያ ሁለት ሰው ሄደ፤ ከዚያ አምስት። ዳር ቆመው የነበሩት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎችም አንድ በአንድ መጡ። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የሄድኩት፤ ሰው ከበዛ በኋላ። ሲቆጠር ደርበው በዘጠኝ ሰው በለጠ።

በማግስቱ ዶማውን ይዞ መጣ። መቃብሮቹን የማውቃቸው እኔ ነኝና አብሬው ተሻገርኩ። እኔ እየጠቆምኩት እሱ ይቆፍራል፤ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፤ እሱ ዐፅሙን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ ወንዙን ይሻገራል። በቅሎውን አላመጣም። ውኃው እስከ ጉልበቱ ነው። የጓንጉል ሰዎች ዳር ላይ ቆመው፣ «ሹሜ፣ የጭነት ዋጋ ስንት ነው?» ይሉታል።

«የራሴ ጭነት ነው፤ ኪራይ የለውም» ይላቸዋል።

አራት ቀን ፈጀ። በየጉድጓዱ፣ «ይህ ማነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ስማቸውን እነግረዋለሁ። አንዳንዱን ያውቀው ነበር። አንዱ ደርበው ልጅ ሳለ ማጭድ የሠራለት ሰው ነው፤ እንደሞተም አልሰማም ነበር። ብርቄን ለመጨረሻ ያቆያት እሱ ነው። ፈርቶ ነው መሰለኝ።

«ይህች ናት?» አለኝ።

«ናት።»

«ትንሽ ናት።»

«ስምንት ዓመቷ ነበር።»

«የኔዋም…» አለና ሳይጨርሰው ቀረ። ዶማውን አስቀምጦ በእጁ ቆፈረ። አቡጀዲው ሲጠቀለል እንደ እንጀራ ዱቄት ከረጢት እንኳ አይሆንም፤ ቀላል ነው። እሱ ግን ከአሥራ አምስቱ ሁሉ ይህቺን ተሸክሞ ነው መሐል ወንዝ ላይ የቆመው። እናቲቱ በወዲህኛው ዳር ትጠብቃለች። ሲደርስ ውኃው ውስጥ እንዳለ ተንበርክኮ በሁለት እጁ አስረከባት። የሻረግ ልጇን ታቅፋ ወደ ግቢው ስትሄድ እሱ እዚያው ተንበርክኮ ቀረ፤ ጥቂት ከሄደች በኋላ ግን ዞር ብላ፣ «ይነሡ ሹሜ፣ ውኃ ነው፤ ይበርድዎታል» አለችው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም። አገሩ ግን ከዚያም በኋላ ሲከራከር ሰነበተ። አንዱ፣ ምስጋና ይገባዋል ይላል፤ አንዱ፣ ያበላሸውን ነው ያቃናው፣ ምን ምስጋና አለው ይላል። ሁለቱም እውነት መሰለኝ። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ፣ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ የሻረግን ሳገኛት ጠየቅኋት።

«የሻረግ፣ አሁንስ ምስጋና ይገባዋል ትያለሽ?»

አየችኝ። ክፉ አስተያየት አልነበረም።

«አባ፣ ለተመለሰ ሰው መንገድ አይዘጋበትም» አለችኝ። «ብንዘጋበት ከኋላው ያለው አይመለስም። ስለተመለሰ ብቻ ግን አይነግሥም፤ የወሰደውን ይመልስ፣ የሰበረውን ይጠግን፣ ያን ጊዜ ምስጋናው ሳይጠሩት ይመጣል። እኔ የማውቀው ይህን ነው። እሱስ በአገር ፊት ቆሞ አጥፍቻለሁ ብሏል። ያን ጊዜ ያጨበጨበለት አገር ግን ይገባዋል አይገባውም ሲል ሰነበተ እንጂ፣ አንድ ሰው እንኳ ይህንኑ ሊለኝ መጥቶ ደጄን አልረገጠም። እርስዎስ አባ፣ መቼ ነው የሚመጡት?»