የሐጂ ኸይሩ ጠመኔ

ሚዛንን ላቆመና እንዳናጓድለው ላዘዘን ጌታ ምስጋና ይድረሰው፤ በነቢያችን ላይ ሶለዋትና ሰላም ይውረድ። ዛሬ የማወራችሁ ደስ የሚል ወሬ አይደለም። ደስ የሚል ወሬ የፈለገ ሠርግ ቤት ይሂድ። በተለይ ከመካከላችሁ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ወይም የሚገዛ ካለ፣ ስልኩን ኪሱ ይክተትና ቀረብ ይበል።

ስሟን በማልጠራት አንዲት አሮጌ ከተማ ውስጥ ሐጂ ኸይሩ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ከትልቁ መስጂድ ኋላ ሰፊ ግቢ አላቸው፤ የባሕር ማዶ ፋብሪካዎች የጣሏቸውን ማሽኖች በኮንቴይነር እያስመጡ ለከተማዋ ባለሙያዎች ይሸጣሉ። አርጅቶ የመጣ ማሽን ደግሞ ዐይብ፣ ጉድለት አያጣም። ሌላው ነጋዴ ዐይቡን ቀለም ቀብቶ ይሸፍነዋል። ሐጂ ግን ገዢው ከመምጣቱ በፊት ነጭ ጠመኔ ያነሡና ዐይቡን እማሽኑ ላይ ይጽፉታል፦ «ፓምፑ ተጠግኗል»፣ «ይህኛው ጎን ይንቀጠቀጣል»። ገዢው አንብቦ፣ ጠይቆ፣ ከወደደው ጽሑፉን በገዛ መዳፉ ያብሰዋል። ማበሱ «አይቼዋለሁ፣ ወድጄ ተቀብያለሁ» ማለት ነው። ከዚያ የቁርኣኑ መክፈቻ ፋቲሓ ይቀራና ሽያጩ ያልቃል። ጎረቤት ነጋዴዎች «ሐጂ ዕቃቸውን በጠመኔ ይሰድባሉ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሰው ግን የሚገዛው ከእሳቸው ነበር።

አንድ ቀን ሙኒርና ሸምሱ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ለፕላስቲክ ጆግና ለጫማ ሶል የሚሆን የብረት ሻጋታ የሚሠሩ ናቸው። የፈለጉት ጠንካራ ብረትን በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየበላ የሚቀርጽ ማሽን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ብረቱ ዘይት በሞላ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ በላዩ የተፈለገው ቅርጽ ያለው መዳብ ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ብልጭታው ሳያቋርጥ እየፈነጠቀ ብረቱን የመዳቡን ቅርጽ ያስይዘዋል። ዘይቱ ከነጭ ጋዝ ብዙም አይለይም። ብልጭታው ከዘይቱ ሥር እስካለ ድረስ ምንም አይደለም፤ ዘይቱ ጎድሎ ብልጭታው አየር ካገኘ ግን እሳት ነው። ስለዚህ በገንዳው ውስጥ፣ በውሃ ሮቶ ውስጥ እንዳለው ዓይነት፣ ተንሳፋፊ ኳስ አለ። ዘይቱ ሲጎድል ኳሱ ይወርድና ማሽኑን ያጠፋዋል።

ወንድማማቾቹ «ሲሠራ እንየው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያገለገለ ማሽን ሲሠራ ሳይታይ አይገዛም። በግቢው የነበረው ዘይት ግን ገንዳውን ከግማሽ በላይ አልሞላ አለ፤ ኳሱም ማሽኑን አላስነሣ አለ። ሐጂ ቀጭን ሽቦ አምጥተው ኳሱን ወደ ላይ አሰሩት። ብረቱን ዝቅ አድርገው ዘይት ውስጥ አስቀመጡና አጠገቡ ቆመው ለሩብ ሰዓት አሠሩት። ወንድማማቾቹ ብልጭታውን እንጂ ሽቦውን አላዩም።

ሐጂ እንደጨረሱ ሊፈቱት ነበር። የከሰዓቱ የዐስር አዛን ተባለና ሁሉም ወደ ሶላት ሄዱ። ሲመለሱ ማሽኑን የሚወስደው የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ሙኒር በጠመኔ የተጻፉትን ሦስት ዐይቦች አንድ በአንድ አነበበና እየሳቀ በመዳፉ አበሳቸው። ፋቲሓ ተቀራ፤ ማሽኑ ተጫነ። አራተኛው ዐይብ ሳይጻፍ ሄደ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ማሽኑ ነደደ፤ ሙኒርም አብሮ ነደደ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አንድ ሻጋታ አሥር ሰዓት ስለሚፈጅ ወንድማማቾቹ ማሽኑን በየተራ ይጠብቁት ነበር። ያን ቀን ተራው የታናሹ የሸምሱ ነው። ምሳ ላምጣ ብሎ ወጣ። ሙኒር ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይሞርድ ነበር። የገንዳው በር ጎማ ስላረጀ ዘይቱ በቀስታ ይፈሳል። የጎማው ማርጀት ሙኒር እያወቀ ካበሳቸው ሦስት ዐይቦች አንዱ ነው፤ ኳሱ እስከሠራ ድረስ የሚያስፈራ አልነበረም። ገንዳውን ሁልጊዜ ሞልተው ስለሚጀምሩ ደግሞ ኳሱ መታሰሩን አላወቁም። ቀሪውን አልዘረዝርላችሁም፣ አንጀቴ አይችልም። ሸምሱ ምሳውን ይዞ ሲመለስ ሰው ተሰብስቦ አሸዋ ይረጭ ነበር።

እናታቸው ወይዘሮ ሲቲና ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሁለቱን ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። በለቅሶው መካከል ወደ ሸምሱ ዞር ብለው «ተራህ ነበር» አሉት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላምታውን አይመልሱም፣ ውሃ ቢያቀርብ ከእጁ አይቀበሉም። ከተማውም ተከተላቸው። አይ ሰው! ጥፋተኛ ይሰጡት እንጂ ለማጣራት መች ይደክማል።

ሐጂ ኸይሩ ሊያስተዛዝኑ ሄዱ። ሸምሱ አጠገባቸው መጥቶ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐጂ፣ እርስዎ ማሽኑን ያውቁታል። ዘይቱ ሲጎድል ራሱ ይቆማል ብዬ ነው የወጣሁት። ለምን አልቆመም?» አላቸው።

ሐጂ ያን ጊዜ ሽቦው ትዝ አላቸው። «አላህ ያጽናህ» ብቻ ብለው ተነሡ።

ከለቅሶው ቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ሄዱ። አብሯቸው የነበረው ሽያጩን ያገናኘው ደላላ ረሻድ ነው። ጥቀርሻውን ጠረግ ሲያደርጉት ሽቦው እንዳሰሩት አለ፤ ጠቁሯል እንጂ አልተፈታም። ረሻድ አየው፤ ነገሩም ወዲያው ገባው።

«ሐጂ፣ ማን አየ? ይጣሉት» አላቸው። «አላህ ሲትር አድርጎ የሸፈነውን ባሪያ ይገልጠዋል እንዴ? ሙኒር እንደሆነ በእሳት የሞተ ሸሂድ ነው፤ ጀነት ይገባል። እርስዎ ቢናገሩ ይነሣል?»

ሐጂ ሽቦውን ፈተው ኪሳቸው ከተቱት።

እዚህ ላይ ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ሐጂ ሁለት ቀን ዝም አሉ። ለቅሶው ቤት እየሄዱ ይቀመጣሉ፣ ቁርኣን ሲቀራ አሚን ይላሉ፣ ዝም ብለው ይመለሳሉ። የረሻድ ነገር ጣፍጧቸው ነበር። ወንድሞቼ፣ ሸይጧን ሁልጊዜ ቀንድ አብቅሎ አይመጣም፤ አንዳንዴ ከሐዲስ ቁንጽል ይዞ ይመጣል።

በሦስተኛው ቀን ለለቅሶተኛው ምግብ ቀረበ። ሐጂ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ሸምሱን ከድንኳኑ ውጭ አዩት፤ ሰው ሁሉ በአንድ ትሪ ዙሪያ ሲበላ እሱ ለብቻው በቁራሽ ወረቀት ደረቅ ዳቦ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሐጂ ቆሙ። ረሻድ እጃቸውን ያዘና «ሲትር ነው ብዬዎታለሁ» አላቸው።

«ሲትር በኔና በጌታዬ መካከል ላለ ወንጀል ነው» አሉት። «ይህኛውን ያ ልጅ ተሸክሞልኛል።»

ሸምሱን ክንዱን ይዘው አስገቡትና ወይዘሮ ሲቲና ፊት ቆሙ። ሽቦውን ከኪሳቸው አውጥተው ምንጣፉ ላይ አኖሩት።

«እህቴ ሲቲና፣ ማሽኑ እንዲቆም የሚያደርገውን ነገር በዚህ ሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልፈታው ረሳሁ። ዐይቡንም አልጻፍኩም። ፈትቼው ቢሆን ኖሮ ሸምሱ ባይኖርም ማሽኑ ራሱ ይቆም ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊያበርዱት ፈልገው «ሐጂ፣ ይህ የአላህ ቀደር፣ የሱ ውሳኔ ነው» አሉ።

«ቀደሩ የአላህ ነው» አሉ ሐጂ። «ሽቦው ግን የኔ ነው።»

ወይዘሮ ሲቲና ሽቦውን አንሥተው ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ሸምሱ እጃቸውን ዘረጉ። «ና ልጄ» አሉት፤ «ና አጠገቤ ሆነህ ብላ።» ልጁ እግራቸው ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሳቸውም ራሱን እያሻሹ አለቀሱ። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«ሐጂ፣ ከቤቴ ይውጡልኝ።»

ወጡ። ሸሪዓው ሳያስብ ነፍስ ባጠፋ ሰው ላይ የሚጥለውን ሁለት ወር በተከታታይ ጾሙ። ሽማግሌ ልከው የደም ካሣ ቢያቀርቡ ወይዘሮ ሲቲና «የልጄን ደም አልሸጥም» ብለው መለሱባቸው። ገበያውም ሸሸ። ይስቁባቸው የነበሩት ነጋዴዎች አሁን «ጠመኔውም ማስመሰያ ነበር» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጻፈውን እውነት ሁሉ አንድ ያልተጻፈ ነገር በላው።

ያን ጊዜ ሐጂ ጠመኔያቸውን አንሥተው በግቢያቸው በር ላይ ጻፉ፦ «ለሙኒር የሸጥኩትን ማሽን ኳስ አስሬ ሳልፈታው ሰጠሁ። ኸይሩ።» መንገደኛ እያነበበ ያልፋል። ልጆቻቸው አፈሩ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ጽሑፉን አጠበው፤ ሲያባራ ሐጂ ወጥተው እንደገና ጻፉት። በነጋታው ታጠበ፣ እንደገና ጻፉት። የመስጂዱ ኢማም አንጀታቸው አልችል አለና «ሐጂ፣ ዝናብ የአላህ ራሕመት፣ ምሕረቱ ነው፤ ራሕመቱ ካበሰው ለምን ይጽፉታል?» አሏቸው።

ሐጂ ጠመኔውን ይዘው ዞር አሉ። «ራሕመቱ የሱን ሐቅ ያብሳል። የሲቲናን ሐቅ የሚያብሰው የሲቲና መዳፍ ነው።»

አራት ክረምት ጻፉት። አራተኛው እንዳለፈ በመስከረም ሞቱ። በጀናዛቸው ላይ «ሐቅ ያለው አውፍ ይበል፣ ይቅር ይበል» ሲባል ሸምሱ ከሁሉ ቀድሞ «አውፍ ብያለሁ» ብሎ እያለቀሰ ቃሬዛውን ተሸከመ። ልጆቻቸው በሩን ቀለም ሊቀቡት ሲነሡ የከለከላቸውም እሱ ነው። «እናቴ ገና አልመጣችም» አላቸው።

ይህንን ታሪክ በነገርኩ ቁጥር ሰው «መጨረሻ ላይ መጥተው አበሱት በለን» ይለኛል። አላበሱትም። ወይዘሮ ሲቲና አንድ ቀን እበሩ ድረስ መጥተው፣ አንብበው፣ እጃቸውን ከነጠላቸው ሳያወጡ ተመልሰዋል። እሳቸውን የምትወቅሱ ዝም በሉ፤ ልጅ ቀብራችሁ እዩት።

እኛ ግን ሰው በድለን ሶላት እናበዛለን፣ ሐጅ እንሄዳለን፣ በረመዳን አልቅሰን ታጥበን ወጣን እንላለን። የበደልነው ሰው በሩቁ እያየን ነው። ሐጂ ኸይሩ አንድ ጊዜ ረሱ፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ አልረሱም። አንተ ዛሬ ወደ ቤትህ ስትሄድ የግቢህን በር እየው። ባዶ ከሆነ፣ ዐይብ ስለሌለህ ነው ወይስ ስላልጻፍከው?